«7 ሚሊዮን ብቻ» ላሉት ጸሐፊ፦ ያልተቆጠሩትስ የት ሄዱ?

ሰሞኑን ስለ ኮቪድ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ሰንብቷል። ለእኔም ሦስት ሰዎች ላኩልኝ። ሦስቱም «እውነት ነው እንዴ?» ብለው ነው የጠየቁኝ። ላላነበባችሁት ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። ኮቪድ በመላው ዓለም የገደለው 7 ሚሊዮን ሰው ብቻ ነው፣ ይህም ከሺህ ሰው አንድ እንኳ አይሞላም። 15 ሚሊዮን፣ 20 ሚሊዮን የሚባለው ኮምፒውተር የወለደው ቁጥር ነው። ከተቆጠሩትም ብዙዎቹ የሞቱት በሌላ በሽታ ነው። የደም ጥናቶች እንደሚያሳዩት ቫይረሱ ከኢንፍሉዌንዛ ብዙም አይከፋም፣ በአፍሪካ ብዙ ሰው ተይዞ ጥቂት ሰው መሞቱም ይህንኑ ያረጋግጣል። ተጨማሪ ሞት ከነበረም ያመጣው የእንቅስቃሴ ገደቡ ነው። በመጨረሻም፣ ገማቾቹ ራሳቸው እርስ በርስ ስላልተስማሙ የሚታመን ነገር የለም ይላሉ።

ጸሐፊው ቁጥር የሚወዱ ሰው ናቸው። ከጠቀሷቸው ቁጥሮች አብዛኞቹም ትክክል ናቸው። ነጥብ በነጥብ መመለስ የፈለግሁት ለዚህ ነው። የፈጠራ ቁጥር ቶሎ ይነቃበታል። ትክክለኛ ቁጥር ይዞ የተሳሳተ ድምዳሜ ላይ መድረስ ግን ብዙ ሰው ያሳስታል፣ እኔንም በመጀመሪያው ንባብ ትንሽ አወዛውዞኛል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከ7 ሚሊዮኑ እንጀምር። ለዓለም ጤና ድርጅት ሪፖርት የተደረገው የኮቪድ ሞት በእርግጥም ከ7 ሚሊዮን ትንሽ የሚያልፍ ነው። ጸሐፊው ግን «ሪፖርት የተደረገ» የሚለውን ቃል ጥለው አልፈዋል። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ሰው እዚህ ቁጥር ውስጥ ለመግባት ስንት በር ማለፍ እንዳለበት አስቡት። መጀመሪያ ታሞ ሐኪም ቤት መድረስ አለበት። እዚያ መመርመሪያ መኖር አለበት። ምርመራው ቫይረሱ ገና ሰውነቱ ውስጥ ሳለ መደረግ አለበት። ሲሞት ሐኪሙ ኮቪድ ብሎ መጻፍ አለበት። ወረቀቱ መዝገብ ቤት፣ መዝገቡ ዋና ከተማ፣ ድምሩ ደግሞ ጄኔቫ ያለው የዓለም ጤና ድርጅት መድረስ አለበት። ከእነዚህ በሮች አንዱ ከተዘጋ ሰውየው ሞቷል፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አላለም። ቤቱ ተኝቶ የሞተው ደግሞ የመጀመሪያውን በር እንኳ አላለፈም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 መጀመሪያ ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ከሚሞቱ 10 ሰዎች የ4ቱ ያህል ሞት ጭራሽ አይመዘገብም። የሞቱበት ምክንያት ይቅርና መሞታቸው ራሱ የትም አልተጻፈም ማለት ነው። በአፍሪካ ቀጠና ደግሞ የሚመዘገበው ከ10 አንዱ ብቻ ነው።

ይህ በንድፈ ሐሳብ ብቻ የሚባል ነገር አይደለም፤ ፔሩን ተመልከቱ። እስከ ሜይ 2021 መጨረሻ የአገሪቱ ይፋዊ የኮቪድ ሞት 69,342 ነበር። አሠራሩ በዋናነት በምርመራ የተረጋገጠን ሰው ነበር የሚቆጥረው፣ መመርመሪያ ደግሞ በጣም ያንስ ነበር። ፔሩ ግን አንድ ጥሩ ነገር ነበራት። የሞት ምስክር ወረቀት በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚመዘገብበት ሥርዓት ነበራት፣ መረጃውም ለሕዝብ ክፍት ነበር። ስለዚህ ጋዜጠኛውም፣ ተመራማሪውም፣ ማንም ሰው ቁጭ ብሎ ሁለቱን ቁጥሮች ማስተያየት ይችል ነበር። ከተለመደው በላይ የሞተው ሰው ኮቪድ ተብሎ ከተቆጠረው እጅግ ይበልጣል። መንግሥት የባለሙያዎች ቡድን አቋቁሞ መዝገቡን እንደገና አስፈተሸ። ሜይ 31 ላይ ቁጥሩ ታረመ፤ 180,764 ሆነ። በአንድ ቀን ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ማለት ነው።

ያን ቀን 111,000 ሰው አልሞተም። ሰዎቹ ቀድሞውኑ ሞተዋል፣ ተቀብረዋል፣ ቤተሰባቸው አልቅሷል። የተለወጠው ወረቀቱ ብቻ ነው። ጸሐፊው ከሜይ 31 በፊት ቢጽፉ ኖሮ በ69 ሺሁ ቁጥር ይከራከሩ ነበር፣ «ብቻ» የምትለዋንም ቃል ያክሉበት ነበር። ፔሩን ያነሳሁት ስለታረመ ነው። ያላረሙ ብዙ አገሮች አሉ፣ እነሱ እስከ ዛሬ በ7 ሚሊዮኑ ውስጥ ባላረሙት ቁጥር ነው ያሉት።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ እንለፍ፤ ከፍተኛው ግምት ኮምፒውተር የወለደው ነው ወደሚለው። ይህን የሚል ሰው ስሌቱ እንዴት እንደሚሠራ ቢያየው ይገረማል፣ ምክንያቱም መሠረቱ ከኮምፒውተር በጣም ይቀድማል። እንግሊዛዊው ዊሊያም ፋር በ1847 ለንደን በኢንፍሉዌንዛ ስትመታ ያደረገው ይህንኑ ነው። በየሳምንቱ በተለመደው ጊዜ ስንት ሰው እንደሚሞት ያውቃል፣ በወረርሽኙ ሳምንታት ስንት እንደሞተ ቆጠረ፣ አንዱን ከሌላው ቀነሰ። ከተለመደው በላይ የሆነው ሞት ይህ ነው። መደመርና መቀነስ ነው በቃ።

አሜሪካን እንውሰድ። በ2019 የሞተው ሰው በጠቅላላ ወደ 2.85 ሚሊዮን ነው። በ2020 ደግሞ 3.38 ሚሊዮን። በአንድ ዓመት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ጨመረ። እዚህ ውስጥ ሐኪም ምን ብሎ ጻፈ፣ ምርመራው ምን አለ የሚል ጥያቄ የለም። የተቆጠረው አስከሬን ነው። የሰሜን ጣሊያኗ ቤርጋሞም እንዲሁ ናት። በግዛቷ በማርች 2020 የሞተው ሰው ካለፉት አምስት ዓመታት የማርች አማካይ ጋር ሲነጻጸር በ568 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር፣ ከስድስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። በዚያው ወር የከተማዋ ጋዜጣ የሐዘን ማስታወቂያ ገጾች ከአንድና ከሁለት ተነስተው 10 ገጽ ደረሱ። ያን ጋዜጣ ገጽ በገጽ የገለጠ ሰው የሒሳብ ቀመር አያስፈልገውም፤ በየገጹ የተደረደሩት ትናንሽ ፎቶዎች፣ የአያቶች ፊት፣ ስምና ዕድሜ ነው የሚያየው።

ሞዴል የሚባለው ነገር የሚገባው መዝገብ በሌለበት ቦታ ነው። እዚህ ላይ ጸሐፊው ከፊል እውነት ይዘዋል፣ አልክድም። የዓለም ጤና ድርጅት በሜይ 2022 ግምቱን ሲያወጣ፣ ወደ ግማሽ ከሚጠጉት አገሮች ለአገሪቱ በሙሉ የሚሆን የወር ሞት መረጃ አልነበረውም። ለእነዚያ የተገመተው መረጃ ካላቸው አገሮች በተገኘው ዝምድና ነው። ስለዚህ ለአንዳንድ አገር የተሰጠው ቁጥር በጣም ሰፊ ክልል (በዝቅተኛውና በከፍተኛው ግምት መካከል ያለ ርቀት) አለው፣ አንድን አገር ነጥሎ ስለሱ በእርግጠኝነት መናገርም ከባድ ነው። ግን መረጃ በሌለበት ቦታ ሁለት ምርጫ ብቻ ነው ያለው። ወይ በጥንቃቄ ትገምታለህ፣ ወይ ያልተመዘገበውን ዜሮ ትላለህ። ዜሮ ማለትም ግምት ነው። ያውም ስህተት መሆኑ አስቀድሞ የታወቀ ግምት።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ እዚህ ላይ ጽሑፉ ራሱን ይቃረናል። ኮቪድን ከኢንፍሉዌንዛ ጋር ሲያነጻጽሩ ጸሐፊው ኢንፍሉዌንዛ በዓመት እስከ 650,000 ሰው ይገድላል ይላሉ። ልክ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያወጣው ክልል ከ290,000 እስከ 650,000 ነው። ግን ይህ ቁጥር በምርመራ ተረጋግጦ አንድ በአንድ የተቆጠረ አይደለም! ይህም በሞዴል የተገኘ ግምት ነው፣ መሠረቱም ያው ከተለመደው በላይ የሆነውን ሞት ማየት ነው። ጸሐፊው ለኮቪድ ሲሆን የተቆጠረውን ብቻ፣ ለኢንፍሉዌንዛ ሲሆን ደግሞ የተገመተውን ወሰዱ። እንዲህ ያለ ንጽጽር ሚዛን አይደለም። የ2009ኙ የኤች1ኤን1 (የአሳማ ጉንፋን የተባለው) ወረርሽኝ ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። በላቦራቶሪ የተረጋገጠው ሞት 18,449 ነበር። በኋላ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ በሠራው ግምት የመጀመሪያው ዓመት ሞት ከ151,700 እስከ 575,400 ሆነ። ዝቅተኛው ጫፍ እንኳ ከተቆጠረው ስምንት እጥፍ ነው። የኢንፍሉዌንዛን ሞት በግምት የሚቀበል ሰው የኮቪድንም በግምት ይቀበል፤ ካልሆነ ሁለቱንም ይተው።

ሦስተኛው ነጥብ፣ «በኮቪድ ሳይሆን ከኮቪድ ጋር ነው የሞቱት» የሚለው፣ ፈጽሞ መሠረት የሌለው አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ በወረርሽኙ መጀመሪያ አካባቢ አንድ ሰው አንዴ ቫይረሱ ከተገኘበት በኋላ በማንኛውም ጊዜ፣ በማንኛውም ምክንያት ቢሞት በዕለታዊው ቁጥር ይገባ ነበር። ይህ ግልጽ ስህተት ነበር። በኦገስት 2020 በምርመራው በ28 ቀናት ውስጥ የሞተ ብቻ ይቆጠር ተብሎ ከ5,000 በላይ ሰው ከዝርዝሩ ወጣ። ጸሐፊው ይህን ጠቅሰዋል፣ ትክክል ናቸው።

ግን ቀጥሎ ያለውን አልጻፉም። የሞት ምስክር ወረቀት ላይ ሐኪሙ ወደ ሞት ያደረሰውን ዋና ምክንያትና ያባባሰውን ነገር ለይቶ ነው የሚጽፈው። በአሜሪካ በ2020 ኮቪድ ከተጻፈባቸው ወረቀቶች ከ10ሩ 9ኙ ያህል ላይ የተጻፈው በዋና ምክንያትነት ነው። በዋና ምክንያትነት የተጻፈው ብቻ ተነጥሎ ሲቆጠር ወደ 351,000 ይደርሳል። ከላይ ያየነው አጠቃላይ ጭማሪ ደግሞ ከ528,000 በላይ ነው። በሌላ በሽታ ሊሞቱ የነበሩ ሰዎች ናቸው ኮቪድ እየተባሉ የተመዘገቡት ቢባል ኖሮ፣ የጠቅላላው ሞት ቁጥር ባልጨመረ ነበር፤ የስም ለውጥ ብቻ ነዋ። የስኳር ሕመም ያለበት የ60 ዓመት ሰው በመድኃኒት ሌላ 15 ዓመት ሊኖር ይችል ነበር። ኮቪድ በሦስት ሳምንት ከገደለው የገደለው ስኳር ነው ማለት አልችልም። ሕመም ያለበት ሰው ሞት እንደ ግማሽ ሞት ሲታይ ዝም ብዬ ማለፍ ይከብደኛል።

አራተኛው የክብደቱ ጉዳይ ነው። ጸሐፊው እዚህ ጥሩ ጀምረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ማርች 3 ቀን 2020 ላይ ሪፖርት ከተደረጉት ሕመምተኞች 3.4 በመቶው ሞተዋል ብለው ነበር። ብዙ ሰው ይህን የሰማው «ቫይረሱ የያዘው ሰው የመሞት ዕድሉ 3.4 በመቶ ነው» በሚል ነው። ይህ ስህተት ነው። በዚያን ጊዜ የሚመረመረው በጠና የታመመው ነበር፤ ቀላል ሕመም የያዘውና ምንም ያልተሰማው ከቁጥሩ ውጭ ነው። አካፋዩ ሲያንስ ውጤቱ ይገዝፋል። ዳይመንድ ፕሪንሰስ የተባለችው የመንገደኞች መርከብ ላይ የነበሩት 3,711 ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ሲመረመሩ 712 ተያዙ፣ ከእነሱም ግማሽ ያህሉ ምርመራው ሲደረግ ምንም ምልክት አልነበራቸውም። ሁሉም ሲመረመር ሥዕሉ እንዲህ ይለወጣል። እስከዚህ ተስማምተናል።

ከዚያ ግን ጸሐፊው ወደ ሌላኛው ጫፍ ዘለሉ። በኤፕሪል 2020 በካሊፎርኒያዋ ሳንታ ክላራ የተደረገውን የደም ጥናት ጠቅሰው፣ ቫይረሱ ከተያዙት የሚገድለው ከሺህ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ነው አሉ። ይህን ጥናት ቀረብ ብለን እንየው። 3,330 ሰዎች ደም ሰጡ። 50ዎቹ ላይ አንቲቦዲ (ቫይረሱ የያዘው ሰው ሰውነት የሚሠራው መከላከያ) ተገኘ ተባለ፤ 1.5 በመቶ። አሁን መመርመሪያው አንዳንዴ ይሳሳታል እንበል። ቫይረሱ ካልነካቸው 1,000 ሰዎች 15ቱን «ተይዘዋል» ቢል በ3,330 ሰው ላይ ስንት የሐሰት ውጤት ይወጣል? 50! ማለትም አንድም ሰው ባይያዝ እንኳ ያው ውጤት ሊገኝ ይችል ነበር። መሣሪያው የተፈተነው ከበሽታው ነፃ መሆናቸው በሚታወቅ 401 ናሙናዎች ላይ ነበር፣ 2ቱን ተሳስቷል። ይህ ከሺህ 5 ነው፣ ጥሩ ይመስላል፣ ግን በ401 ናሙና ብቻ እውነተኛው የስህተት መጠን ከሺህ 15 አይደርስም ብሎ መማል አይቻልም። በዚያ ላይ ተሳታፊዎቹ የተጠሩት በፌስቡክ ማስታወቂያ ነው። ባለፈው ወር ሲያስል የሰነበተና «ይዞኝ ይሆን?» ብሎ የሚጠረጥር ሰው ከማንም ቀድሞ ይመዘገባል። በሽታው ገና ጥቂት ሰው በያዘበት ቦታ የመመርመሪያ ትንሽ ስህተት ውጤቱን ሁሉ ይውጠዋል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ግን ማንም በወረቀት ሊያሰላው የሚችል ነገር አለ። ወደ ፔሩ እንመለስ። የሕዝቧ ቁጥር ወደ 33 ሚሊዮን ነው። እስከ ሜይ 2021 በይፋ የሞተው 180,764። ሲካፈል ከ183 ሰው አንዱ ማለት ነው። ከተያዙት ሳይሆን ከጠቅላላው ሕዝብ፣ ሕፃኑም ሽማግሌውም ተቆጥሮ። ቫይረሱ ከሺህ አንድ ወይም ሁለት ብቻ የሚገድል ቢሆን ኖሮ፣ እያንዳንዱ የፔሩ ነዋሪ ቢያዝ እንኳ የሚሞተው ከ33,000 እስከ 66,000 ነበር። የሞተው ከዚያ በሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ኒው ዮርክ ከተማም እንዲሁ ናት። ከ8 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ካላት ከተማ በመጀመሪያው ማዕበል ከ20,000 በላይ ሰው ሞተ፣ ከሺህ ከሁለት በላይ መሆኑ ነው። በደም ጥናት ግን ያኔ የተያዘው ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ነበር። ሒሳቡን ራሳችሁ ጨርሱት።

እውነቱ አንድ ነጠላ ቁጥር የለም ነው። ክትባት ሳይመጣ በፊት፣ በአብዛኛው ከበለጸጉ አገሮች በተሰበሰቡ ጥናቶች፣ ከተያዙ የ25 ዓመት ወጣቶች የሚሞተው ከ10,000 አንዱ ገደማ ነበር። በ55 ዓመት ከሺህ 4። በ65 ዓመት ከሺህ 14። በ75 ከሺህ 46። በ85 ዓመት ደግሞ ከመቶ 15። ለወጣቱ ቀላል ነበር የሚለው እውነት ነው፣ ለአያቱ ግን ያው ቫይረስ ሌላ ነገር ነበር። ሁለቱን ቀላቅሎ አንድ አማካይ ማውጣትና በዚያ አማካይ «አይከፋም» ማለት ማንንም አይገልጽም።

ስለ አፍሪካ የተጻፈው አምስተኛው ነጥብ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ነው፣ ብዙ ሰውም የወደደው እሱን ነው። ጸሐፊው ትክክለኛ ጥናት ጠቅሰዋል። በአህጉሪቱ የተደረጉ የደም ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ፣ በ2021 ሦስተኛ ሩብ ዓመት ከሕዝቡ 65 በመቶ ያህሉ ላይ አንቲቦዲ ነበር፣ የተያዘውም ሰው በምርመራ ከተረጋገጠው ወደ 97 እጥፍ ይበልጥ ነበር። ከዚያ የሞቱትን ይፋዊ ቁጥር ወስደው ለዚህ ሁሉ የተያዘ ሰው አካፈሉና «ቫይረሱ እዚህ ምንም አላደረገም» አሉ።

ነገር ግን ከ97ቱ 96ቱን ታማሚዎች ያላየ ሥርዓት ሟቾቹን ሁሉ አይቷል ብሎ ማሰብ እንዴት ይቻላል? ታችኛውን ቁጥር፣ የተያዙትን፣ በትክክለኛው ተክቶ ላይኛውን፣ የሞቱትን፣ እንደነበረ መተው አይሆንም።

ዛምቢያ ውስጥ ሉሳካ ላይ የተሠራ አንድ ጥናት አለ። ባነበብሁት ቁጥር ልቤን ይነካዋል። ከጁን እስከ ሴፕቴምበር 2020 ተመራማሪዎች በትልቁ የማስተማሪያ ሆስፒታል አስከሬን ክፍል ተቀምጠው፣ በሞቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ከደረሱ አስከሬኖች አፍንጫ ናሙና ወሰዱ። በበሽታው የተጠረጠሩትን ብቻ አልመረጡም፤ በማንኛውም ምክንያት ከሞቱት ነበር የወሰዱት። 364 ሰዎች። እንደ መመዘኛው ጥብቅነት 58ቱ ወይም 70ው ላይ ቫይረሱ ተገኘ። ከአምስት ወይም ከስድስት አንዱ ነው። ከ70ዎቹ 51ዱ የሞቱት ከሆስፒታል ውጭ ነው። ከ51ዱ በሕይወት ሳለ የተመረመረ አንድም አልነበረም። ሆስፒታል ውስጥ ከሞቱት 19 መካከል እንኳ የተመረመሩት 6 ናቸው። የሕመም ምልክታቸው ከታወቀላቸው ውስጥ ደግሞ አብዛኞቹ ሳል፣ ትኩሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ነበረባቸው። ያኔ በዓለም ሚዲያ የሚወራው አፍሪካ እንዴት አመለጠች የሚል ነበር። አንድ ሰው አስከሬን ክፍል ድረስ ሄዶ ሲያይ፣ አላመለጠችም።

ደቡብ አፍሪካ ሌላዋ ምስክር ናት፣ ምክንያቱም የሞት ምዝገባዋ ጥሩ ነው። ይፋዊው የኮቪድ ሞት ከ102,000 ትንሽ ያልፋል። የአገሪቱ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በየሳምንቱ ሲያወጣ የነበረው ከተለመደው በላይ የሆነ የተፈጥሮ ሞት ግን ከ300,000 አለፈ። ሦስት እጥፍ ነው። ሞት የሚመዘገብበት አገር ላይ ይህ ከታየ፣ በማይመዘገብበት ምን ነበር ብሎ መጠየቅ ግዴታ ነው።

ዕድሜ ለውጥ አላመጣም ማለቴ አይደለም፣ በጣም አምጥቷል። ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች 65 ዓመት ያለፈው ከመቶ 3 ሰው ገደማ ነው፣ በአውሮፓ ግን ከአምስት ሰው አንዱ። ከላይ የጻፍሁትን የዕድሜ ዝርዝር በዚህ ላይ አስቀምጡት፤ አብዛኛው ልዩነት ከዚያ ይመጣል። ስለዚህ የሞት መጠኑ ከአውሮፓ ማነሱ የሚጠበቅ ነው። «ሙቀቱ ጠበቀን» የሚለው ግን አያስኬድም። የኢኳዶሯ ጓያኪል ሞቃት ናት፣ ዴልሂም ሞቃት ናት። የብራዚሏ ማናውስ በአማዞን ደን መሐል ነው ያለችው። እዚያ ደም በሚለግሱ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት በኦክቶበር 2020 ከሕዝቡ 76 በመቶው ተይዟል ብሎ ገምቶ ነበር። ብዙ ሰው «በሽታው አለቀ፣ ተረፍን» ብሎ አሰበ። በጃንዋሪ 2021 የከተማዋ ሆስፒታሎች ኦክስጅን አለቀባቸው፤ ሰው ሲሊንደር ፍለጋ በየመንገዱ ይሯሯጥ ነበር።

የእንቅስቃሴ ገደቡ ነው የገደለው ለሚለው አጭር መልስ ይበቃል። ገደቡ ጉዳት አልነበረውም አልልም፤ ሕክምና የዘገየባቸው፣ ሥራ ያጡ፣ በብቸኝነት የተጎዱ አሉ፣ አሜሪካ ውስጥም በ2020 በአደንዛዥ ዕፅ የሞተው ሰው በጣም ጨምሯል። ግን ገደቡ ራሱ ዋናው ገዳይ ቢሆን ኖሮ፣ በጣም ጥብቅ ገደብ ጥላ ቫይረሱን ያስቀረችው ኒው ዚላንድ ላይ ሞት መጨመር ነበረበት። በ2020 እዚያ የሞተው ሰው ከሚጠበቀው በታች ነበር። ደግሞ ጊዜውን ተመልከቱ። በየአገሩ ሞት የሚወጣውና የሚወርደው የበሽታውን ማዕበል በጥቂት ሳምንት ርቀት እየተከተለ ነው። በገደብ ምክንያት ያልታከመ ካንሰር በሦስት ሳምንት ተራራ ሠርቶ በስድስት ሳምንት አይወርድም።

የቀረው የገማቾቹ አለመስማማት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2020 እና ለ2021 ያወጣው 14.9 ሚሊዮን ነው፣ ክልሉም ከ13.3 እስከ 16.6። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲው የጤና ልኬትና ግምገማ ተቋም ለዚያው ጊዜ 18.2 ሚሊዮን አለ። ልዩነቱ ከ3 ሚሊዮን በላይ ነው፣ ትንሽ አይደለም፣ መነሻው ግን ይታወቃል፤ ኮቪድ ባይኖር ኖሮ ስንት ሰው ይሞት ነበር የሚለውን መነሻ መስመር እንዴት እንደሚያሰምሩ ይለያያሉ። ጸሐፊው የጀርመንን ጉዳይ እንደ ቅሌት አቅርበውታል። የሆነው ይህ ነው፤ በ2019 ጀርመን ውስጥ ሞት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር፣ የስሌቱ መስመር ያን ዝቅታ ይዞ ወደፊትም ይወርዳል ብሎ ቀጠለ፣ ስለዚህ ከተለመደው በላይ የሆነው ሞት ተጋነነ። ባለሙያዎች ወዲያው ተቹ፣ ድርጅቱም አረመ፤ ጀርመን ከ195,000 ወደ 122,000 ወረደች፣ ስዊድን ደግሞ ወደ ላይ ታረመች። ይህን ለማየት የቻልነው ስሌቱ ግልጽ ስለነበረ ነው። የሕንድ መንግሥትም የ4.7 ሚሊዮኑን ግምት አልቀበልም ብሏል፣ የራሱ ይፋዊ ቁጥር 481,000 ነበርና። ክርክሩ ይቀጥል፣ መቀጠልም አለበት። የ1918ቱን ወረርሽኝ ሞት እስከ ዛሬ ከ17 ሚሊዮን እስከ 100 ሚሊዮን የሚገምቱ አሉ፤ ቁጥሩ ስላልተስማማ ግን ወረርሽኙ ቀላል ነበር ያለ የለም።

ጸሐፊው ከፈለጉ ከሁሉም ዝቅተኛውን ጫፍ ይውሰዱ፣ 13.3 ሚሊዮኑን። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ኮቪድ ተብሎ ሪፖርት የተደረገው 5.4 ሚሊዮን ነበር። ሲቀነስ ወደ 8 ሚሊዮን ሰው ይቀራል። ጽሑፉ ስለነዚህ ሰዎች አንድ መስመር የለውም። ሁለተኛ ክፍል እጽፋለሁ ብለዋልና፣ እዚያ ላይ በፔሩ ቢጀምሩ ደስ ይለኛል። የሞት መዝገቡ ለማንም ክፍት ነው፣ ወደ ኋላ ተመልሶ በየሳምንቱ የሞተውን መቁጠር ይቻላል።